ነፍስ አድን በጨረታ

ለነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ጨረታ የሚያወጣ መንግሥት ገንዘቡን በዋናነት የሚከፍለው ለመጠበቅ ነው። በብሪታንያም በአየርላንድም የተለመደው ግዴታ፣ ጥሪ ሲደርስ ቀን በ15 ደቂቃ፣ ሌሊት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከመሬት መነሳት ነው። ለዚህም አብራሪ፣ ረዳት አብራሪ፣ የማንሻውን ገመድ የሚቆጣጠር ባለሙያና በገመዱ ወደ ማዕበሉ የሚወርድ ነፍስ አድን በየጣቢያው ሌት ተቀን ተረኛ ሆነው ይቀመጣሉ። ተቋራጩ በየወሩ ቋሚ ክፍያ አለው፤ በተበረረው ሰዓት ልክ ይጨመርለታል፤ ሄሊኮፕተሩ ተበላሽቶ ከቆመ ደግሞ ይቆረጥበታል። ወሩን ሙሉ ማንም ባሕር ውስጥ ባይወድቅም ክፍያው አይቀርም። መንገድ ያሠራ መንግሥት ሥራው ሲያልቅ መንገዱን ሄዶ ያያል። ዝግጁነት የገዛ ግን የገዛውን ነገር ደህና አድርጎ የሚያየው ክፉው ሌሊት ሲመጣ ነው።

አገልግሎቱን ለግል ድርጅት አውትሶርስ ማድረግ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ነጥብ ላይ አይደርስም። በአንድ በኩል «የሰው ነፍስ እንዴት የትርፍ ምንጭ ይሆናል» የሚሉ፣ በሌላ በኩል «የግሉ ዘርፍ ሁሉን በርካሽና በተሻለ ይሠራል» የሚሉ ተፋጠው ይቀራሉ። በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ባሕሮች ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ልምድ ለሁለቱም ወገን አይመችም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታንያ እንጀምር። የብዙ ሰው ትዝታ የአየር ኃይሉ ቢጫ ሲ ኪንግ ሄሊኮፕተሮች ናቸው፤ ልዑል ዊሊያም እስከ 2013 ድረስ ዌልስ ውስጥ ቫሊ ከሚባለው ጣቢያ ያበርሩ የነበረው ከእነዚህ አንዱን ነው። አየር ኃይሉ ኦክቶበር 4 ቀን 2015 ቺቬነር በሚባለው ጣቢያ ተረኛነቱን ለባሕር ጠረፍ ጥበቃው ሲያስረክብ ጋዜጦቹ አንድ ዘመን እንዳበቃ ጻፉ። ይሁን እንጂ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው በኮንትራት ሄሊኮፕተር መሥራት የጀመረው ያን ዕለት አልነበረም። ብሪስቶው የተባለው ኩባንያ በ1971 ማንስተን ላይ በሙከራ ገባ፤ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ በሼትላንድ ደሴቶች፣ ሰምበርግ ላይ፣ በቋሚነት ይሠራ ነበር። የሰሜን ባሕር ነዳጅ ሠራተኞችና የስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች በጭንቅ ሰዓት ከላይ የሚወርድላቸው ሰው ደመወዝ ከወታደር ቤት ይምጣ ከኩባንያ ጠይቀው አያውቁም። በሙያው ዘንድም ልዩነቱ ከሚወራው ያነሰ ነበር፤ በኩባንያው ሄሊኮፕተር ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ከአየር ኃይሉ ወይም ከባሕር ኃይሉ የወጡ ናቸውና።

ስለዚህ የብሪታንያ ታሪክ ከጀግንነት ይልቅ የወረቀት ታሪክ ነው፤ ወረቀቱም አንዴ ክፉኛ ተበላሽቷል። መከላከያ ሚኒስቴርና የትራንስፖርት ሚኒስቴር የወታደሩንም የሲቪሉንም አገልግሎት አንድ ላይ ጠቅልለው ለ25 ዓመት ለአንድ ተቋራጭ ለመስጠት ጨረታ አወጡ። ዋጋው ወደ 6 ቢሊዮን ፓውንድ ይገመት ነበር። በፌብሩዋሪ 2010 ሶቴሪያ የተባለ ጥምረት ተመረጠ፤ ውስጡ የሄሊኮፕተር ኩባንያው ሲኤችሲ፣ ታሌስና ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሲኤችሲ ራሱ ቀርቦ በጨረታው ሂደት ጥፋት መፈጸሙን ለመንግሥት አሳወቀ፤ የተፎካካሪዎችን ግምገማ ጨምሮ ሊያየው የማይገባው የንግድ ምስጢር እጁ ገብቶ ነበር። በነገሩ ውስጥ የመከላከያው የፕሮጀክት ቡድን አባል ነበረበት። በፌብሩዋሪ 2011 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ፊሊፕ ሃመንድ ጨረታው መሰረዙን አስታወቁ። እርጅና የተጫናቸው ሲ ኪንጎች ሌላ ጥቂት ዓመት መብረር ግድ ሆነባቸው።

ይህን ቅሌት «ኩባንያ እንዲህ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ የማየው ግን የገዢውን ቤት ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሚዘልቅና የአገር ሙሉ አገልግሎት የሚያስረክብ ውል ለመመዘን ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ሲያፈነግጥ የደወለው የገዢው ማንቂያ አልነበረም፤ ነገሩ የታወቀው ሻጩ ስለተናገረ ነው።

ሁለተኛው ጨረታ ልኩን አወቀ። በማርች 2013 ብሪስቶው የ10 ዓመት ውል በ1.6 ቢሊዮን ፓውንድ አገኘ፤ 22 ሄሊኮፕተሮች፣ 10 ጣቢያዎች። ጣቢያዎቹ ከ12 ወደ 10 መውረዳቸው በየአካባቢው ቁጣ አስነሳ። መንግሥት በበኩሉ አዲሶቹ ሄሊኮፕተሮች ፈጣን ስለሆኑ በ30 ደቂቃ የሚደረስባቸው ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ቦታዎች ድርሻ ከ70 በመቶ ገደማ ወደ 85 በመቶ ያድጋል ሲል ተከራከረ። አገልግሎቱ በኤፕሪል 2015 ሃምበርሳይድና ኢንቨርነስ ላይ ጀመረ። ከሁለቱ የሄሊኮፕተር ዓይነቶች አንዱ፣ ኤደብልዩ189፣ ዘግይቶ ስለመጣ በሌሎች ሄሊኮፕተሮች መሸፈን አስፈለገ። ከዚህ ውጭ ርክክቡ ተቃዋሚዎቹ እንደፈሩት አልሆነም፤ ይህን አለመመስከር ግፍ ነው።

የጉዳዩ ልብ ያለው ግን አየርላንድ ውስጥ ነው።

በ1988 ከዶኔጋል የወጣ ዓሣ አጥማጅ በመርከብ ላይ እግሩ ክፉኛ ተጎድቶ፣ እርዳታ ሳይደርስለት ደሙ ፈስሶ ሞተ። የምዕራቡ ጠረፍ ሕዝብ ተቆጣ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፣ በአንዲት የአካባቢው ሴት የተመራ ዘመቻ ደብሊን ድረስ ተሰማ። የአየርላንድ አየር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ትንንሾች ነበሩ፤ አትላንቲክ ላይ ርቀው ለሚሠሩ መርከቦች መድረስ አይችሉም። መንግሥት አዲስ ሄሊኮፕተር ገዝቶ፣ ሠራዊት አሠልጥኖ ለመጀመር ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። በ1991 ሻነን ላይ አንድ ትልቅ ሄሊኮፕተር ከነሠራተኛው በኮንትራት ገባ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ አውትሶርሱ የመጣው መንግሥት የያዘውን ስለጣለ ሳይሆን ጭራሹን ያልነበረውን ስለፈለገ መሆኑን ነው። ብዙ የኮንትራት አገልግሎቶች እንዲህ ይወለዳሉ፤ ጊዜያዊ ተብለው ገብተው ሥር ይሰዳሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት አደጋዎች አሉ፤ ጎን ለጎን ሳይታዩ ሊቀሩ አይገባም።

የመጀመሪያው የሠራዊቱ ነው። ጁላይ 2 ቀን 1999 ሌሊት የአየርላንድ አየር ኃይል ዶፊን ሄሊኮፕተር ከነፍስ አድን ግዳጅ ወደ ዋተርፎርድ ሲመለስ ጉም ገጠመው። ማረፍ አቅቶት ትራሞር በሚባለው የባሕር ዳርቻ የአሸዋ ክምር ላይ ተከሰከሰ፤ የተሳፈሩት አራቱም ሞቱ። ጣቢያው የ24 ሰዓት አገልግሎት የጀመረው ገና በዋዜማው ነበር። ሌሊቱን ከመሬት ሆኖ የሚያግዛቸው ዝግጅት ሳይሟላ አገልግሎቱ «ተጀመረ» ተብሎ ታውጇል። ሠራዊቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባሕር ነፍስ አድን ሥራ ወጣ፤ አራቱም ጣቢያዎች፣ ደብሊን፣ ዋተርፎርድ፣ ሻነንና ስላይጎ፣ በሲኤችሲ እጅ ሆኑ። በ2010 ደግሞ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚያወጣ አዲስ ውል ተፈረመና ኤስ92 የተባሉት ዘመናዊ ሄሊኮፕተሮች ገቡ።

ሁለተኛው የኮንትራቱ ነው። ማርች 14 ቀን 2017፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ከምዕራቡ ጠረፍ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባለ የዓሣ መርከብ ላይ አንድ ሠራተኛ አውራ ጣቱ ተቆርጧል። ከስላይጎ አንድ ሄሊኮፕተር ወደ እሱ ተላከ፤ ከደብሊን ሁለተኛው፣ ሬስኪዩ 116፣ ከበላይ ሆኖ ግንኙነት እንዲይዝለትና እንዲጠብቀው አገሪቱን አቋርጦ ወጣ። መጀመሪያ ነዳጅ ለመቅዳት ብላክሶድ ወደሚባለው ቦታ አመራ። ከባሕሩ በላይ በ200 ጫማ፣ ማለትም በ60 ሜትር ገደማ፣ ዝቅ ብሎ በኩባንያው አስቀድሞ የተዘጋጀ የበረራ መስመር ይከተላል። የመስመሩ የመጀመሪያ ምልክት ያለው ብላክሮክ ደሴት አጠገብ ነው። ደሴቱ 282 ጫማ ከፍታ አለው፤ አናቱ ላይ የመብራት ቤት ቆሟል። ወደ መሬት ሲጠጉ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ የመረጃ ቋት ውስጥ ግን ብላክሮክ የለም። ከኋላ የነበረው ባልደረባ በሙቀት ካሜራው ከፊት ያለውን ነገር አይቶ ወደ ቀኝ እንዲያዞሩ ሲነግራቸው የቀራቸው ሰከንዶች ነበሩ። አራቱም ሞቱ፤ የሁለቱ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የአየር አደጋ መርማሪው ክፍል የመጨረሻ ዘገባ በኖቬምበር 2021 ወጣ፤ 42 የደኅንነት ምክረ ሐሳቦች አሉት። ዘገባው ሁለቱንም ወገን አይምርም። ኩባንያውን በተመለከተ፣ የመስመሩ መመሪያ ጉድለት ነበረበት፤ ደሴቱ በማስጠንቀቂያ መሣሪያው ላይ እንደማይታይ ከኩባንያው አብራሪዎች አንዱ በ2013 በጽሑፍ ጠቁሞ ነበር፤ ጥቆማው ግን መስመሩን ወደ ማረም አላደረሰም። መንግሥትን በተመለከተ ዘገባው ያስቀመጠው፣ የፍለጋና ነፍስ አድን በረራን የመቆጣጠር ኃላፊነት የማን እንደሆነ በመንግሥት ደረጃ ግራ መጋባት መኖሩን ነው። የአቪየሽን ባለሥልጣኑ፣ ትራንስፖርት ሚኒስቴሩና የባሕር ጠረፍ ጥበቃው እያንዳንዳቸው ከፊሉን ይዘዋል፤ ሙሉውን የያዘ አልነበረም። የጠረፍ ጥበቃው እንዲህ ያለውን ስጋት ቀድሞ ሊለይ የሚችል የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት አልነበረውም። ከዚህም በላይ የመርከበኛው ጉዳት ለሕይወት የሚያሰጋ አልነበረም፤ ሆኖም ሁለት ሄሊኮፕተሮች በጨለማና በመጥፎ አየር ወጡ። ሂዱ ያለው ተቋራጩ አይደለም፤ ደንበኛው መንግሥት ነው።

ትራሞርና ብላክሮክ በ18 ዓመት ይራራቃሉ። አንዱ በሠራዊት፣ አንዱ በኩባንያ ሆነ። በሁለቱም የሞቱት ጎበዞችና የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ በሁለቱም የጎደለው ከበረራው ቀድሞ በመሬት ላይ፣ በቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። «ሌሊት ማን ያግዛቸዋል?» «ይህን መስመር ማን ፈተሸው?» ሥራውን ለማን ሰጠን ከሚለው ይልቅ ይህን የሚጠይቅ ሰው በቤታችን አለ ወይ የሚለው ይበልጥብኛል። አውትሶርስ የራሱ የሆነ አደጋ የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ሠራዊት ራሱ ሲያበር አዛዡ ቢያንስ ሥራውን ያውቀዋል። አገልግሎቱ ተላልፎ አሥር ሃያ ዓመት ሲያልፍ ግን ከገዢው ቤት ሄሊኮፕተር አብርሮ የሚያውቅ ሰው በጡረታ ይወጣል፤ የሚቀሩት ውል ማንበብ የሚችሉ፣ ሰዓትና ቅጣት የሚያሰሉ ናቸው። ያኔ ገዢው የሻጩን ሥራ የሚመዝነው ሻጩ በጻፈለት ዘገባ ይሆናል።

አሜሪካኖች ይህን በመርከብ ቀምሰውታል። የባሕር ጠረፍ ጥበቃቸው አብራሪዎች ዛሬም የራሱ የደንብ ልብስ ለባሾች ናቸው፤ በ2002 ግን ዲፕዎተር በተባለው ፕሮግራም መርከቦቹንና አውሮፕላኖቹን የማደስ ሥራ ሙሉ በሙሉ፣ ከነአመራሩ፣ ሎክሂድ ማርቲንና ኖርዝሮፕ ግሩማን ላቋቋሙት ጥምረት ሰጡ። 110 ጫማ የነበሩ ስምንት የጥበቃ ጀልባዎች ወደ 123 ጫማ እንዲረዝሙ ተደረገ። አካላቸው ተሰነጣጠቀ፤ በ2006 መጨረሻ ስምንቱም ከሥራ ወጡ። በ2007 ጠረፍ ጥበቃው መሪነቱን መልሶ ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ የራሱን መሐንዲሶችና የግዢ ባለሙያዎች ዳግመኛ ማደራጀት ነበረበት።

የመንግሥት እጅ ብቻውን መድኃኒት ነው ለሚል ኖርዌይ አለች። እዚያ ዋናውን የባሕር ነፍስ አድን የያዘው 330ኛው የአየር ኃይል ስኳድሮን ነው። በ2013 16 ኤደብልዩ101 ሄሊኮፕተሮች ታዘዙ፤ አንዱ በ2017 ሶላ ላይ መሬት እንዳለ በሙከራ ጊዜ ተገለበጠ፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ2020 ነው። ሄሊኮፕተሩ ከመጣ በኋላ ደግሞ ከክንፉ የሚወርደው ነፋስ ከመበርታቱ የተነሳ ብዙ ሆስፒታሎች ማረፊያቸው አልቻለውም። በብሪታንያም በማርች 2022 የጠረፍ ጥበቃው ኤስ92 ፕሊመዝ ውስጥ ደሪፎርድ ሆስፒታል ሲያርፍ ንፋሱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ጣለ፤ አንዲት የ87 ዓመት አረጋዊት ሞቱ። አንዱ የሠራዊት፣ ሌላው የኮንትራት፤ ንፋሱ ግን ባለቤት አይለይም። ትልቅና ፈጣን ሄሊኮፕተር እንዲገዛ የወሰነው ሰነድ የሆስፒታሉን ግቢ አልቆጠረውም። ስፔን መሐከለኛውን መንገድ ይዛለች፤ ሄሊኮፕተሮቹ በአብዛኛው የመንግሥት፣ የሚያበርረው ተቋራጭ። ተቋራጭ ሲለወጥ ሄሊኮፕተሩ አብሮ ስለማይሄድ ለእኔ ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ግን እዚያም ቢሆን በጃንዋሪ 2010 አልሜሪያ አጠገብ አንድ ሄሊኮፕተር ባሕር ውስጥ ወድቆ ከአራቱ ሦስቱ ሞተዋል።

ስለ ዋጋ ሲነሳ «ውድድር ዋጋ ይቀንሳል» ይባላል። ውድድር እንዲኖር ግን ተወዳዳሪ ያስፈልጋል። ከባድ ሄሊኮፕተሮችን ከነሠራተኛው በአገር ደረጃ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የኖሩትም ሠራተኛ ወደ ነዳጅ ማውጫ መድረኮች በማመላለስ ነው። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ አብረው ወደቁ። ሲኤችሲ በሜይ 2016፣ ብሪስቶው በሜይ 2019 ለአሜሪካ ፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ አመለከቱ። የአየርላንድና የብሪታንያ ነፍስ አድን አገልግሎት በዚያ ወቅት አልተቋረጠም፤ ከመንግሥት የሚገኝ ቋሚ ክፍያ ለታመመ ኩባንያ የመጨረሻው ሊለቀው የማይፈልግ ገቢ ነውና። ከዚያ ወዲህ ብሪስቶው የብሪታንያን ሁለተኛ ውል በ2022 አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በ2023 የአየርላንድን 670 ሚሊዮን ዩሮ ውል ከሲኤችሲ ወሰደ፤ ሲኤችሲም ፍርድ ቤት ሄደ። ዛሬ ሦስት መንግሥታት በሰሜን ባሕርና በአየርላንድ ዙሪያ ለሚሰምጥ ሰው የሚልኩት ሄሊኮፕተር ዋና መሥሪያ ቤቱ ሂዩስተን ከሆነ ከአንድ ኩባንያ ነው። ተከራካሪዎቹ ይህን ውድድር ይሉታል።

የአማርኛ አንባቢ ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ኖቬምበር 24 ቀን 2021 ሌሊት ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር በተገለበጠው ጀልባ ቢያንስ 27 ሰዎች ሞተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩባቸው። የብሪታንያ ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር ወጥቶ ፈለገ፤ አላገኛቸውም። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በኋላ እንዳሉት፣ ባሕሩን ከላይ እንዲቃኙ የተመደቡት አውሮፕላኖች በአየሩ ጠባይ ሳቢያ አልበረሩም፤ ምትክም አልነበረም። እንዲህ ባለው ሌሊት የሄሊኮፕተሩ 15 ደቂቃ ወይም 45 ደቂቃ ተሟልቶ ሊገኝ ይችላል፤ የት እንደሚፈለግ የሚያይ ዓይን ከሌለ ግን ሰዓቱ ማንንም አያወጣም።

በሜዲትራንያን ነገሩ ተገልብጧል፤ ዓይን አለ፣ እጅ የለም። ጣሊያን ማሬ ኖስትሩም የተባለውን የባሕር ኃይል ዘመቻ በ2014 ከዘጋች በኋላ፣ የአውሮፓ የድንበር ድርጅት ፍሮንቴክስ የቅኝት አውሮፕላኖችን ከግል ድርጅቶች በኮንትራት ማሰማራት ጀመረ፤ ከሜይ 2021 ጀምሮ ሄሮን የተባለ ሰው አልባ አውሮፕላን ከማልታ ይነሳል። እነዚህ ጀልባውን ያያሉ፤ ገመድ አያወርዱም። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከቦርደር ፎረንሲክስ ጋር በዲሴምበር 2022 ባወጣው ጥናት ቅኝቱ የሊቢያ ኃይሎች ስደተኞችን ይዘው እንዲመልሱ እንደሚያግዝ ከስሷል፤ ፍሮንቴክስ በበኩሉ መረጃውን የሚሰጠው ነፍስ ለማዳን ነው ይላል። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ለተነሳ ስደተኛ ከላይ የሚያንዣብበው አውሮፕላን ውሉ ላይ «መርዳት» የሚል ቃል ይኑረው አይኑረው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ተቋራጭ የሚሠራው የተጻፈለትን ነው፤ ያልተጻፈውን የተወው ፈራሚው ነው።

አሁን ያሉት ውሎች እስከ 2030ዎቹ አጋማሽ ይዘልቃሉ። በዚህ ሁሉ ክርክር እምብዛም የማይነሳ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ኮንትራቶች ርካሽ የሆኑበት አንዱ ምክንያት አብራሪውንና በገመድ የሚወርደውን ሰው ሠራዊቱ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዓመታት አሠልጥኖ ስለሰጣቸው ነው። የብሪታንያ ወታደራዊ ነፍስ አድን ከተዘጋ ወዲህ ይህ ምንጭ እየቀጠነ ነው። ኩባንያው ራሱ ማሠልጠን አለበት፤ ዋጋውንም በሚቀጥለው ጨረታ ላይ ይጨምረዋል። በዚያን ጊዜ ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም ብሎ የሚከራከረው የመንግሥት ባለሙያ ከየት እንደሚመጣ የትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም።